የመስመሩ መስኮት

መዝጋቢዋ መጀመሪያ የዘጋችው ሰዓቷን ነበር።

በስክሪኑ የቀኝ ጥግ የምትታይ፣ ሁለት ቀጫጭን እጆች ያሏት ክብ ሰዓት ነበረች። አትከፋም፤ ግን ቦታ ትበላለች። የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ቢጨመቅ ቢጨመቅ ስድስት መቶ አርባ ኪሎ ባይት ነው፤ መስኮቶችን የሚከፍተው ፕሮግራም ደግሞ ገና ሲነሣ ትልቁን ጉርሻ ራሱ ጎርሶ ለሌላው ፍርፋሪ ይተዋል። ከሰዓቷ ቀጥላ የጀርባውን ሥዕል አነሣች። ከዚያ የሒሳብ መደመሪያዋን፣ ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን፣ ሳይጠሩት አቤት የሚለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋግታ ስትጨርስ ስክሪኑ እንደ ተጠረገ ደጅ ባዶውን ቀረ።

ይህ ሁሉ ለአንድ መስኮት ሲባል ነው። ከታች በግራ በኩል፣ ቁመቱ አራት ጣት የማይሞላ፣ ዙሪያውን በቀጭን መስመር የታጠረ መስኮት ነው። የመስመሩ መስኮት ትለዋለች።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ከከተማው ማዕከል እስከ ተራራው ጣቢያ ድረስ ለራሱ ብቻ የሚያገለግል የስልክ መስመር ነበረው። በድሮው ማሽን ስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን ትልካለች፣ ከማዕከል «ደርሷል» ይባላል፣ መስመሩን ዘግታ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። አዲሱ ማሽን ከነመስኮቶቹ ሲመጣ ግን መስመሩን ጥግ አስይዞ ሌላ ሥራ መሥራት ተቻለ። መስመሩ ጠዋት ከተከፈተ እስከ ማታ አይዘጋም።

ጣቢያው ሦስት ክፍል ነው። አንዱ የመሣሪያዎቹ፣ አንዱ የሷ መኝታ፣ አንዱ የዘበኛው። ከበሩ ውጪ ቴርሞሜትሮቹ የተቀመጡበት ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያውና የነፋስ መጠቆሚያው አሉ። ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። ሌሊት ሌሊት ዘበኛው መለኪያዎቹን አንብቦ በወረቀት ይጽፍላታል፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ያለው የሷ ነው። ከዘበኛው ሌላ ሰው ሳታይ ወር የምትጨርስበት ጊዜ አለ።

ማሽኑ የመጣ ቀን ዘበኛው ከሳጥኑ የወጣውን ሁሉ እየዞረ ሲያይ ቆይቶ፣ በገመድ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ነገር በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ማውስ ይሏታል አባባ። አይጥ ማለት ነው።»

«አይ የመሥሪያ ቤት ነገር! እኔ ለአይጥ መርዝ ላኩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ባጻፍኩ፣ ያለው አልበቃ ብሎ አይጥ ይጨምሩልኛል?»

እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። መልስ ግን አልመጣላትም። እንዲያ ናት፤ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግራት ምላሷ ይተሳሰራል፤ ጥሩው መልስ ትዝ የሚላት ሰውየው መንገዱን ጨርሶ እቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤትም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ዘመድ ቤትም «ኩራተኛ» ስትባል ነው የኖረችው።

የመስመሩ መስኮት በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ «ሙቀት ዘጠኝ፤ ጭጋግ፤ ነፋስ የለም» ብላ ልካ፣ «ደርሷል» ከሚለው ቃል ሥር አንድ መስመር ተጨምሮ መጣ።

«ጭጋጉ አያስፈራሽም?»

መልሱን ያገኘችው ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ የሚቀጥለውን ስትልክ ነው። «የሚያስፈራኝ ሲገለጥ ነው። ምን ያህል ሩቅ እንዳለሁ ይታየኛል» ብላ ጻፈች። ጠያቂው አልሄደም ነበር። መስኮቱ አይሄድም፤ እዚያው ጥግ ይጠብቃል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተጻጻፉ። በመልእክቱ ራስ ላይ እሷ «ከፍታ» ናት፣ ወዲያ ያለው «ማዕከል» ነው። ስም አይጻፍም። መጀመሪያ «እርስዎ» ትለው ነበር፣ ከስድስት ወር በኋላ «አንተ» አለችው፣ ምንም አላለም። ጠዋት ጠዋት ምክር ያበዛል። ከምሳ በኋላ ቀልድ ይወዳል። ገና ጎህ ሲቀድ ስትጽፍለት ደግሞ ቃሉ ይለሰልሳል፣ አንዳንዴም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይተወዋል። ሰው እንዲህ ነው አለች በልቧ፤ እኔስ ብሆን ጠዋትና ማታ አንድ ነኝ?

ከሁሉ የሚያስደንቃት አለመርሳቱ ነው። ማክሰኞ ጥርሴን አመመኝ ካለችው ሐሙስ «ጥርስሽስ?» ይላታል። የዝናብ መለኪያው ውስጥ ገብታ ለሦስት ቀን ያታለለቻትን እንቁራሪት ታሪክ ከጻፈችለት ከወር በኋላ፣ ዝናብ በዛ ስትል «ከነእንቁራሪቷ ነው ወይስ ያለእንቁራሪቷ?» ብሎ ጠየቃት። የእናቷ ልጆች እንኳ ያወራችውን እንዲህ ይዘውላት አያውቁም። ብቻዋን የሚኖር ሰው መሆን አለበት ብላ አሰበች፤ እንደሷ ቤቱም ሥራውም አንድ ወንበር የሆነ፣ ሲመሽም ሲነጋም እዚያው የሚገኝ። ረጃጅም ጣቶች ሰጠችው። ጥቁር ሹራብ አለበሰችው። ከዚያ በላይ ለማሰብ አፈረች።

አንድ ቀን ከታላቅ እህቷ ደብዳቤ ደረሳት። «የአባታችን ቤት ተሸጠ። ዕቃሽን በሁለት ካርቶን አድርጌ ይዤልሻለሁ፤ እንዳታስቢ» ይላል። መዝጋቢዋ የዓመት ፈቃዷን የምታሳልፈው እዚያ ቤት ነበር። ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ነጩን ሳጥን ከፍታ አነበበች፣ ገባች፣ ምሳዋን ሳትበላ ተቀመጠች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የመላኪያ ሰዓቷ ሳይሆን፣ «የአባቴ ቤት ተሸጠ። ፈቃዴን የት እንደማደርገው አላውቅም» ብላ ጻፈችለት።

ለጥቂት ጊዜ ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም አለች። ከዚያ መጣ።

«እዚህ ነይ። ወንበር አለ።»

ሌላ ምንም አልነበረበትም። ያን ቀን ማታ መስመሩን ሳትዘጋ ቆይታ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር መስኮቱ ውስጥ እያየቻት እራቷን በላች።

ነገሩ የተበላሸው በካርታው ነው። በዙሪያው ባሉ ዘጠኝ መንደሮች የዝናብ መለኪያ አለ፤ የዘጠኙን ንባብ ሰብስባ በየሳምንቱ የዝናብ ካርታ ትሥላለች። ማሽኑ ከነመስኮቶቹ የተላከላትም ካርታውን በእርሳስ መሣሏ ቀርቶ ስክሪኑ ላይ ሠርታ በመስመሩ እንድትልክ ነበር። የካርታው ፕሮግራም በአራት ዲስኬት መጣ። ጫነችው፣ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ወደደችውም። ነገር ግን የመስመሩ መስኮት ክፍት እያለ ካርታውን ስትጠራው መሐል ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፦ «በቂ ቦታ የለም። አንዱን ይዝጉ።»

ሰዓቷን የዘጋችው፣ ሥዕሉን ያነሣችው ያኔ ነው። አልበቃም። አንድ ቀን እንደ ምንም ብላ መስመሩን ዘጋችውና ረፋዱን ሁሉ ካርታዋን ሠራች። ሸንተረሩ፣ ወንዙ፣ የዝናቡ እርከን ሁሉ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ተሣለላት። ጨርሳ መስመሩን ስትከፍት መስኮቱ ባዶ ነበር፤ ተዘግቶ ሳለ የተጻፈውን ማሽኑ አያስቀምጥም። ደቂቃ ሳይሞላ፣ «አለሽ?» የሚል መጣ። ቀጥሎ፣ «አራተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ደህና ነሽ?»

ሦስቱን ጥያቄ አላየቻቸውም። ማንም ሰው ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እሷ መኖር አለመኖሯን እየደጋገመ ጠይቆ አያውቅም፤ ሲጠይቅ ደግሞ እሷ አልነበረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርታውን ወደ እርሳስ መለሰችው። በየሳምንቱ በፖስታ አሽጋ ትልካለች።

እንዲህ እያለች አምስት ወር ከቆየች በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ መጣ። «አዲሱን ፕሮግራም መጠቀም እንዳልቻልሽ ተረድተናል። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ማዕከል እንድትመጪ። በተጨማሪም በመልእክት ክፍሉ የአራተኛ ተረኛ ቦታ ክፍት ስለሆነ፣ ለመዛወር ፈቃደኛ መሆን አለመሆንሽን በሥልጠናው መጨረሻ እንድታሳውቂ።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። አራተኛ የሚለውን ቃል አይታዋለች፤ አንብባዋለችም፤ ግን ልብ ሌላ ቦታ ሲሆን ዓይን ምን ያደርጋል። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ እውነት ከሆነ ትዛወራለች። የደብዳቤውን ጥያቄ የምትመልሰው አይታው ነው።

«እየመጣሁ ነው» ብላ ጻፈችለት።

«እንጠብቅሻለን» አለ ማዕከል።

የምትሄድ ዕለት ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«ልጄ፣ ይሄ የተተኮሰ ልብስ ለማን ነው?»

«ሥልጠና ነው አባባ።»

«እንግዲህ ሥልጠና ነው ካልሽ ሥልጠና ነው። እኔም በጉብዝናዬ ወራት ሥልጠና እወድ ነበር።»

ማዕከሉ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መተላለፊያው የወረቀትና የሞቀ ማሽን ሽታ አለው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመደው የዋለችው ቃል ነበራት፤ በሩን ስትገፋው ግን ከነአካቴው ጠፋባት።

ትልቅ ስክሪን ፊት ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሌላ ሰው የለም።

«ይቅርታ... ከፍታ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው በወንበሩ ዞረ። «ከፍታ! ቁመትሽ እንኳ ከፍታ አይደለም!» ብሎ ሳቀና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ጥርስሽስ? አስነቀልሽው ወይስ እያባበልሽው ነው?»

እሱ ነው ማለት ነው። ልቧ መጀመሪያ ወረድ አለ። ረጃጅሙ ጣት፣ ጥቁሩ ሹራብ ተነነ። ከዚያ ደግሞ ራሷን ሰብሰብ አደረገች፤ ምን ይሁን ታዲያ? አባት የሚሆን ሰው ነው። ያን ሁሉ ያዳመጣት ሰው ነው። ቀስ በቀስ፣ ከአሰበችው የተሻለ ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው ልትደርስ ስትል በሩ ተከፈተና ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ክራቫቱን ኪሱ የከተተ ሰው ዳቦ እያኘከ ገባ።

«ሰዓትህ ደርሷል፣ ልቀቅ» አለ ለሽማግሌው። ከዚያ አያት። «እንግዳ አለ እንዴ?»

«ከፍታ ናት» አለ ሽማግሌው።

«አትለኝም! የእንቁራሪቷ እመቤት?» ዳቦውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ጨበጣት። «ስሚ፣ ያን ቀን ስታወሪኝ እኮ ከወንበር ልወድቅ ነበር።»

እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «እኔ... የጻፍኩት ለማን ነው?»

«ለማዕከል ነዋ» አሉ ሁለቱም።

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ በጠፍጣፋ እንጨት የተያዘ የወረቀት ክምር አሳያት። በመስመሩ የሚያልፈው ሁሉ ፕሪንተሩ ላይ ይወጣል። የገባው ተረኛ የወጣው የተጻጻፈውን ሳያነብ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ የሥራው ደንብ ነው። ከክምሩ በላይ ያረጀ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከዚህ ክፍል የሚወጣ መልእክት ሁሉ ማዕከል ተብሎ ይወጣል። የተረኛ ስም አይጻፍም።»

«ድሮ ጣቢያዎቹ ሰው ይመርጡ ነበር» አለ ሽማግሌው። «አንዱ እኔ ካልገባሁ ብልሽት አይናገር፣ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር ያኮርፍ። ኃላፊው ተናደደና ስም ከለከለ። ወንበሩ ነው የሚያወራው አለን።»

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት። እኔን ሽበቱ ይሉኛል፣ መቼም ለምን አትይኝም። ይሄ ሙሽራው ነው።»

«ካገባሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ አልለቅ ብለውኛል» አለ ሙሽራው። «ሦስተኛዋ የሌሊቷ ናት፣ እቴቴ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የምትልኪውን የምትቀበልሽ እሷ ናት። ‹ልጄ› ብላ እንዳትጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቆጥተናታል መሰለሽ!» ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁ ሊያመልጠው አለ። «ቆይ... አንድ ሰው መስሎሽ ነበር እንዴ? ቀንም ሌሊትም ወንበር ላይ የሚኖር ሰው አለ ብለሽ ነው?»

«እኔ እኖራለሁ» አለች።

ሙሽራው የያዘውን ዳቦ አየው። ሽበቱ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ፕሪንተሩ የሆነ ጣቢያ የላከውን አንድ መስመር ቀጭ ቀጭ አድርጎ አወጣ።

ሳታፍር የጠየቀችው ነገር ራሷንም አስደነቃት። ባለፈው ዓመት፣ የአባቷ ቤት የተሸጠ ቀን የተጻፈውን ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሽበቱ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አገኙት። እዚህ ነይ። ወንበር አለ። ከጎኑ ሰዓቱ ታትሟል፦ ስምንት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።

«ተረኛ ስንቀያየር ነው» አለ ሽበቱ። «ትዝ ይለኛል። ያንቺ መልእክት ሲገባ ኮቴን እየለበስኩ ነበር። ይሄ ሰው ነው የጻፈልሽ።»

«እኔ?» አለ ሙሽራው። «እኔ ወረቀቱን እያነበብኩ ነበር። ዞር ስል መልሱ ስክሪኑ ላይ አለ። አንተ የጻፍከው መስሎኝ እስከ ዛሬ፣ ሽበቱ ለካ አንጀት አለው እያልኩ ነው።»

«እኔ እኮ ስላንተ እንዲያ እያልኩ ነው!»

ተያዩ። አንዳቸውም የሚዋሹ አይመስሉም። ከሁለት አንዱ ጽፎት ረስቶታል፣ ወይም አንዱ ጀምሮት ሌላው ጨርሶታል። እሷ ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሰች፣ «የትኛው ወንበር ነው?» አለች።

ሁለቱም ክፍሉን ዞረው አዩ። ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ሽበቱ የተነሣበት። ከሱ ሌላ የወረቀት ካርቶንና መሰላል አለ። ሙሽራው ወጥቶ ከጎረቤት ቢሮ አንድ የእንጨት ወንበር ተሸክሞ መጣና አጠገቧ አስቀመጠላት። ተቀመጠች። ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ እቴቴን አገኘቻት። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። «‹አንተ› ስትይኝ ባሌ ሰምቶ ሲስቅብኝ ከረመ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ አልዋሽሽም። አንዳንዴ የምጽፍልሽ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትመጪው አንቺ ነሽ፤ ነጋ ማለት ነው እላለሁ» አለቻት። መዝጋቢዋ እጇን ይዛ ቆየች። እቴቴን ልትቀየማት ፈለገች፤ የሚያስቀይም ነገር ግን አጣችባት። ሦስቱም ደግ ናቸው። ያ ነው የከፋው፤ የተበደለ ሰው እንኳ የሚያኮርፈው ሰው ይኖረዋል።

ሥልጠናውን በግማሽ ቀን ጨረሰችው። የማዕከሉ ማሽን ማህደረ ትውስታው ሰፊ ስለነበር መስመሩም ካርታውም ጎን ለጎን ተከፈቱ፤ ኃላፊው ከኋላዋ ቆሞ እጇን ሲያይ ቆየ።

«አንቺ እኮ ከአሠልጣኙ በላይ ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለምንድን ነው በእርሳስ ስትሥይ የኖርሽው?»

«የኛው ማሽን ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም።»

«መስመሩን ዘግቶ መሥራት ነዋ!»

«መስመሩ እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፣ በአድናቆት ነው። «እንዲህ ያለ ለሥራው የሚጨነቅ ሠራተኛ ነው የምፈልገው። ዝውውሩንስ ምን አልሽ?»

አንድ ቀን እንዲሰጣት ለመነችው። ያን ቀን በእንግዳ ማረፊያው አልጋ ላይ ጋደም ብላ ሁለቱንም አሰበችው። ተመልሳ ብትሄድ መስኮቱ እዚያው ጥጉ ላይ አለ፤ ነገር ግን ከእንግዲህ እያንዳንዱን ቃል ይዛ ይሄ የሽበቱ ነው፣ ይሄ የሙሽራው ነው ስትል ልትውል ነው። እነሱም ቢሆኑ ይጠነቀቃሉ። ደግሞም ተጠንቅቀዋል፤ ትናንትና ሙሽራው ሊቀልድ ጀምሮ አይቷት ተወው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች። እዚህ ብትቀር ደግሞ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ልትሆን ነው። ተራራው ላይ አዲስ መዝጋቢ ይመደባል፣ አዲሱ መዝጋቢ «ማዕከል» እያለ ይጽፋል፣ እሷ ክምሩን አንብባ «ጥርስህስ?» ትላለች።

በነጋታው እሺ አለች። ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት አትመልስም ነበር፤ ደግነቱ ማንም አልጠየቃትም። ምናልባት በየትኛውም በኩል ብቻዋን ከሆነች፣ ቢያንስ ደረጃ ሲወጣ የሚሰማ ኮቴ ባለበት ይሁን ብላ ይሆናል።

ለብቻዋ የተቀመጠችበት የመጀመሪያ ቀን ሽበቱ ለጉልበቱ ሐኪም ቤት የሄደበት ጠዋት ነበር። የማዕከሉ ስክሪን ላይ ሰባት መስኮቶች ነበሩ፣ ለሰባት ጣቢያዎች። አንዱ መልእክት ሲያመጣ ከሌሎቹ በላይ ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ያሉት ይጋረዳሉ፤ መልሳ ስትጠራቸው ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ደግሞ ይሥላቸዋል። ክምሩን አንብባለች። ማን ምን እንዳመመው፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ የማን ልጅ ፈተና ላይ እንዳለች ታውቃለች።

ሦስት ሰዓት ላይ የሐይቅ መስኮት ተነሣ። የሐይቁን ጣቢያ የሚጠብቀው አንድ ሰው መሆኑን ሽበቱ ነግሯታል፤ ስድስት ዓመት እዚያ ነው፣ አይቶት የሚያውቅ የለም።

«ሐይቅ ለማዕከል። ሙቀት ሃያ አራት። ማዕበል የለም። ጉልበትህስ?»

«ደርሷል» ብላ ጻፈች። ቀጥላ መጻፍ ያለባትን ታውቀዋለች፤ ወረቀቱ ላይ አለ። ትናንት ሽበቱ፣ ጉልበቴ ዛሬ ሐኪም ያየዋል ብሎ ነበር። እሷም፣ እየተሻለኝ ነው፣ ትላለች፤ የሐይቁ ሰው ደስ ይለዋል፤ ወንበሩ ይናገራል። «እየተ» ድረስ ጻፈች። ጣቷ ቆመ። በዚያ ጥግ ተቀምጦ፣ እራቱን መስኮቱ ፊት የሚበላ ሰው ታያት። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው።

ማስታወቂያውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ጉልበቱ የሌላ ሰው ነው። ሐኪም ቤት ሄዷል። እኔ አዲስ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም አለች። እንደዚህ ያለውን ዝምታ ከወዲያኛው በኩል ታውቀዋለች፤ ከዚህ በኩል ግን የባሰ ነበር። አሁን ይሄ ሰው ስድስት ዓመቱን መለስ ብሎ እያየው ነው ብላ አሰበችና እጇን ጭኗ ላይ ሰበሰበች።

መልሱ መጣ።

«ገምቼ ነበር። የጠዋቱ ሰውዬ ‹ደርሷል› ካለ በኋላ ትንፋሽ አይወስድም፣ ምክር ይጀምራል። እርስዎ ግን ቆዩ። አራተኛ መሆንዎ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሦስት መሆናቸውን ያውቁ ነበር?»

«ሌላ ምን ሥራ አለኝ? የጠዋቱ ይመክራል። የከሰዓቱ ይቀልዳል፣ ዓሣ እየሰለቸኝ ነው ያልኩትን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የሌሊቷ ሴት ናት፣ አራት ልጅ ያሳደገች ትመስላለች፣ ሊነጋ ሲል እንቅልፏ ያቋርጣታል። ስማቸውን ግን አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ፣ ደንብ ነው ብዬ።»

ምክሩን፣ ቀልዱንና የተቋረጠውን ዓረፍተ ነገር እሷም አይታቸዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ ሥር ነበሩ። ሦስቱን ሰው አጣጥፋ አንድ ያደረገቻቸው ራሷ ናት፤ አንድ ሰው ስለቸገራት። ማንም አላታለላትም። ይህን ማወቋ አላጽናናትም፤ ብቻ ከደረቷ አንድ ነገር ላላ አለ።

የሐይቁ ሰው ደግሞ ጻፈ። «እርስዎ ከመመለስዎ በፊት ያስባሉ። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ አንቸኩል። ማን ልበል?»

ከኋላዋ ፕሪንተሩ የተባባሉትን ሁሉ መስመር በመስመር እያወጣ ነው። ከሰዓት ሙሽራው ያነበዋል፣ ሌሊት እቴቴ ታነበዋለች፣ ነገ ሽበቱ፤ አንድ ቀን ደግሞ ኃላፊው። ጥቂት አሰበች። የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ አንድም ቀን ጽፋው የማታውቀውን ስሟን ጻፈች።

ወዲያው የበረሃው ጣቢያ መስኮት ንባቡን ይዞ ከላይ ተደረበበት። የሥራ ነገር ነው፤ ሙቀቱን ተቀበለች፣ ነፋሱን ተቀበለች፣ «ደርሷል» አለች። ከዚያ የሐይቁን መስኮት መልሳ ጠራችው። ማሽኑ እንደ ልማዱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ሣለው፤ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ የጉልበቱን ጥያቄ፣ የሷን ይቅርታ፣ ስሟን። የታችኛው መስመር ከሁሉ በኋላ ታየ። እሱም ስሙን ጽፎላት ነበር።